ዶክተር ሴን ሬሚ፣ ከሴን ሬሚ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ውስጥ ድሬሰር ሆኜ ስሠራ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ለባለቤቴ እንኳ በሙሉው ነግሬያት አላውቅም፤ ባወራሁት ቁጥር ቢሮው ውስጥ የሆነችውን ነገር እዘላታለሁ። ዛሬ ሳልዘል ልጻፈው።

በጤና ጣቢያችን አንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ነበር። ዣክ ሴን ሬሚ ይባላል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የቆላው ፀሐይ ፊቱን በርበሬ ያስመሰለው ሰው ነው። አማርኛ ስለማያውቅ እኔ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ አስተረጉምለት ነበር። ከእኔ የተሻለ ሰው ቢገኝ ማንም እኔን አይመርጥም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሕክምና ዕቃ እየቀቀልን ስለ ስሙ ጠየቅሁት። «ሴን» ማለት በቋንቋቸው ቅዱስ ማለት ነው አለኝ። የተወለደባት መንደር በቤተ ክርስቲያኗ ስም ሴን ሬሚ ትባላለች። የአያቱ አያት ገና ሕፃን ሳሉ በዚያች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተጥለው የተገኙ ናቸው። አባታቸው ስላልታወቀ የመንደሩ ሰዎች የመንደሩን ስም ሰጧቸው። ከዚያ ወዲህ ልጅም የልጅ ልጅም የሚጠራው በዚያው ስም ነው። በአገሩ በቅዱስ ስም የሚጠራ መንደርና በዚያው ስም የሚጠራ ሰው በሽ መሆኑን እየሳቀ ነገረኝ።

እኔም ሳቅሁ፤ ቀጥዬም ጋምቤላ ውስጥ ለማንም ያልተነፈስኩትን ነገርኩት። እኔ ሙሉ ስሜ ገብረ ሩፋኤል ነው። የተወለድኩባት የጎጃም መንደርም በታቦቷ ሩፋኤል ነው የምትባለው። ፋይሌ ላይ ግን ስሜ ገብሬ፣ የትውልድ ቦታዬ ደብረ ማርቆስ ነበር። አባቴ የዚያች መንደር ቄስ ናቸው። መሬት ሲወረስ ከሹሞቹ ጋር ተጋጭተው ታስረዋል። የሩፋኤል ሰው ነኝ ካልኩ የማን ልጅ እንደሆንኩ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚቀረው። ለፈረንጁ የነገርኩት ለማን ይነግርብኛል ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት፣ አንድ ማለዳ ኦጁሉ የሚባል አኙዋ ታንኳ እየቀዘፈ መጣ። መንደሩ ከከተማው በታች ባሮ ዳር ናት። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ሽቅብ ለመቅዘፍ ብዙ ሰዓት ፈጅቶበታል። እጁ ተልጦ ነበር።

«ሐኪም፣ ሚስቴ አልወለደም» አለኝ። «ሁለት ቀን ሆነ። እጁ ወጣ፣ የልጁ እጅ። ራሱ አልመጣም። በታንኳ እንዳላመጣ ውሃው ብዙ ነው።»

ዶክተሩ ስነግረው ወዲያው ዕቃውን ማሸግ ጀመረ። በጤና ጣቢያው የሞተር ጀልባ ቁልቁል ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ነገር ግን የውጭ ዜጋ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ አይወጣም፤ ጀልባዋም የምትንቀሳቀሰው በዚያው ወረቀት ነው። እኔ ብቻዬን ብሄድስ እንዳልል ቁስል አጥቤ መርፌ የምወጋ ሰው ነኝ፤ የተጋደመ ልጅ አዙሬ አላውቅም።

ይለፍ ቢሮ ስንደርስ የድሮው ኃላፊ ተቀይሮ አዲስ ሰው ተቀምጧል። የዶክተሩን ፋይል ከፍቶ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄን ቅጽ የሞላው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጓድ።»

«የአባት ስም ሴን ሬሚ። የአያት ስም ሴን ሬሚ። የትውልድ ቦታ ሴን ሬሚ» እያለ አነበበ። «ይሄ ሰው የተወለደው ከሰው ነው ከአገር?»

ጸሐፊዋ ሳቋን ዋጠች። ኃላፊው ምን እንዳለ ለዶክተሩ ነገርኩት። መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀጥሎ የአያቱን አያት ታሪክ በትዕግሥት አስረዳ። እሱን በታማኝነት ተረጎምኩ። ሴትዮዋ በምጥ ላይ እንዳለችም ጨምሬ ለመንኩ።

ኃላፊው አልተዋጠለትም። ጠረፍ ላይ ነን፤ የፈጠራ ስም ይዞ የሚዞር ፈረንጅ ለእሱ ሰላይ ነው። «ሰው በታቦት ስም ይጠራ፣ እሺ። አገሩም በዚያው ስም? አባቱም አያቱም?» አለና ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የማርቆስ ልጅ ነህ አይደል? ፋይልህን አይቼዋለሁ። እኔም እዚያ ሠርቻለሁ። የት ሰፈር ነህ?»

«ገበያው አጠገብ» አልኩ።

ማርቆስ ራሱ በቅዱስ ስም የሚጠራ ከተማ ነው። ይህን ለማለት ብልህ መሆን አያስፈልግም ነበር። ግን ማርቆስን ካነሳሁ ስለ ሰፈሩ አጥብቆ ይጠይቀኛል፣ አጥብቆ ከጠየቀኝ ውሸቴ ይወጣል ብዬ ተውኩት።

ያኔ ዶክተሩ ክንዴን ያዘ። «የአንተን መንደር ንገረው» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ስምህንም ንገረው፣ ሩፋኤልን። ወዲያው ይገባዋል።»

«ምን አለ?» አለ ኃላፊው።

«ይቅርታ ይጠይቃል። ስለቸኮለ ነው ይላል» አልኩ።

ያልኩት ይህንኑ ብቻ ነው። ዶክተሩ አማርኛ አያውቅም፤ ነገር ግን ከአፌ «ሩፋኤል» የሚል ቃል ይጠብቅ ነበር። ቃሉ አልመጣም። ክንዴን ለቀቀኝ።

ኃላፊው ፋይሉን ዘጋና በሬዲዮ አዲስ አበባ ተጠይቆ መልስ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው ከከተማ እንዳይወጣ አዘዘ። ዶክተሩ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ጮኸ፤ ኃላፊው በር አስከፍቶ አስወጣን። ኦጁሉ ከቢሮው ደጅ ማንጎ ዛፍ ሥር መቅዘፊያውን ይዞ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እኛን ሲያይ ወደ ወንዙ መንገድ ጀመረ። ጠርቼ መለስኩት።

መልሱ የመጣው በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። ስሙም መንደሩም ትክክል ነው ተባለ። ሦስታችን ወዲያው በጀልባዋ ተነሣን። ዶክተሩ ሻንጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ውሃውን ብቻ ያያል። ተመልከተኝ፣ ስደበኝ እያልኩ በልቤ ለመንኩት፤ አላየኝም።

መንደሩ ሳንደርስ ልቅሶው ተሰማን። ኦጁሉ ጀልባዋ ዳር ሳትይዝ ዘሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ሚስቱ አሪየት ያረፈችው በጠዋት ነበር፤ ልጁም ሆዷ ውስጥ ቀርቷል። ዶክተሩ ጎጆው ገብቶ አያት፤ ሲወጣ ዕቃውን የያዘው ሻንጣ እንደተዘጋ ነበር።

ኦጁሉ ቆይቶ ወደ እኔ መጣ። «ለምንድነው ቢሮው እንቢ ያለው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ወረቀት ነው» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። በዚያ ዘመን ወረቀት ከተባለ ማንም ተጨማሪ አይጠይቅም። ከሳምንት በኋላ ጤና ጣቢያው ድረስ ትልቅ ዓሣ ይዞ መጣና «አንተ ለኔ ብዙ ለመንክ» አለኝ። ዓሣውን ተቀበልኩት። አልቀበልም ብል ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። ለጎረቤት ሰጠሁት፤ ሽታው ግን እጄ ላይ ቆየ።

ዶክተሩ ከዚያ በኋላ በሥራ ጉዳይ ካልሆነ አያናግረኝም ነበር። ጊዜው አልቆ ወደ አገሩ ሲመለስ ሁላችንንም በየተራ ጨበጠን። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ይዞ በተሰበረ አነጋገር «ገብረ ሩፋኤል» አለኝ። እዚያ የቆሙት ባልደረቦቼ ሁሉ ገብሬ ሲሉኝ የኖሩ ናቸው፤ ፈረንጁ ስም ተሳሳተ ብለው ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ለሁለተኛ ጊዜ ካድሁት ማለት ነው።

ብነግረው ኖሮ ኃላፊው ይለፍ ይሰጠን ነበር? አላውቅም። ምናልባት እኔን አስሮ ዶክተሩንም ይከለክለው ነበር። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እኔ ነኝ የማውቀው፤ አንድም ቀን አላሳረፈኝም። አሪየት ለመሞት ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ነበራት። እኔ ለመናገር የሚያስፈልገኝ የአንድ ደቂቃ ድፍረት ነበር።

ደርግ ሲወድቅ ስሜን አስተካከልኩ። ዛሬ መታወቂያዬ ላይ ገብረ ሩፋኤል ተብሎ፣ የትውልድ ቦታዬም ሩፋኤል ተብሎ ተጽፏል። ባለፈው አንዲት ወጣት ጸሐፊ ካርዴን አይታ «አባባ፣ ሁለቱም አንድ ነው፤ ተሳስተው ይሆን?» አለችኝ።

«አልተሳሳቱም ልጄ። መንደሩም በታቦቱ ስም ነው የሚጠራው፣ እኔም» አልኳት።

«እሺ» ብላ ጻፈችው። ይኸው ነው፤ ሌላ ጥያቄም አልነበራት። ከቢሮው ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ለመነሳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።