ቦጉሚላ ከልጇ ተደብቃ ፕራግ የሄደች ጊዜ

ከሠራተኞች ቀን እስከ ሕገ መንግሥቱ በዓል ባለው ረጅም እረፍት፣ ከሰው ለመደበቅ ብሎ ፕራግ የሚሄድ ፖላንዳዊ ምን ዓይነት ሰው ነው ብትሉኝ ጎረቤቴን ቦጉሚላን አሳያችኋለሁ። በእነዚያ ቀናት እኮ ግማሹ የከተማችን የኦፖሌ ሕዝብ ቋሊማውንና የተቀቀለ እንቁላሉን ቋጥሮ እዚያው ፕራግ አሮጌው ድልድይ ላይ ነው የሚርመሰመሰው። እኔ ነግሬያት ነበር። "ማን ያውቀኛል እዚያ?" አለችኝ። ሰው ሲፈራ አእምሮው ይደፈናል መሰለኝ።

ቦጉሚላ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከሕንፃችን ሥር ባለችው ጠባብ ሱቅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዚፕ ስትቀይር፣ ሱሪ ስታሳጥር፣ ለወፈሩ ሙሽሮች ቀሚስ ስታሰፋ ኖራለች። ስትናገር ሁልጊዜ ከንፈሯ መሐል ስፒል ስላለ ለማያውቃት ሰው የተቆጣች ትመስላለች። ግን ተቆጥታ አታውቅም። ባሏ ታዴውሽ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሞተ። ሐውልቱ ሲሠራ እንደ አገራችን ልማድ የእሷም ስም አብሮ ተቀረጸ፤ የተወለደችበት ዓመት፣ ከጎኑ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ። ያስቀረጸችው አንድያ ልጇ ካሊና ናት። "አባዬ ብቻውን አይሁን፣ እማዬ" አለቻት። ቦጉሚላም እሺ አለች። እሺ ማለት ይቀናታል።

ከዚያ ዜኖን መጣ። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ረጅምና ዝምተኛ ሰው ነው። መጀመሪያ ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። በሳምንቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ፤ በሳምንቱ ደግሞ ሌላ። ስድስተኛው ላይ ቦጉሚላ ስፒሏን ከአፏ አውጥታ፣ "አቶ ዜኖን፣ እግርዎ እያደገ ነው ወይስ እያጠረ?" አለችው። "ሱሪዎቼ አልቀዋል፣ እንግዲህ አይስክሬም ልጋብዝዎት" አላት። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። የሕንፃው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ካሊና ግን አታውቅም።

እንዳትነግራት የሚያስፈራት ነገር ነበር። የካሊና አክስት ባሏ ሞቶ ሌላ ያገባች ጊዜ፣ ካሊና በገና ዋዜማ ማዕድ ላይ ሁሉም እየቆረሰ የሚካፈለውን የተባረከ ቂጣ ሳትካፈላት ቀርታለች። በእኛ ዘንድ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። አክስቲቱ እስከ ዛሬ ስታወራው ድምጿ ይንቀጠቀጣል። ቦጉሚላም "እኔንስ ብታደርገኝ?" እያለች ሁለት ዓመት ሙሉ በልቧ ስትሞት ከረመች።

ዜኖን በበኩሉ ትዕግሥቱ አለቀ። "በመቃብር ድንጋይ ላይ የተጻፈች ሴት ነው የወደድኩት፣ እሱ ግድ የለም" አላት። "በጓሮ በር እየወጣሁ ማርጀት ግን አልችልም። ከፕራግ እስክንመለስ ወይ ለልጅሽ ትነግሪያለሽ፣ ወይ እኔ እህቴ ጋ ሽቼቺን ሄጄ እኖራለሁ።"

እሷ ለካሊና ምን ብትላት ጥሩ ነው? "ባልቲክ ባሕር ጠረፍ የምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋ ሄጃለሁ።"

ዓርብ ማታ ገቡ። ቅዳሜ ጠዋት እያካፋ ሳለ ቦጉሚላ ጥቁር መነጽር አድርጋ ወጣች። ድልድዩ ላይ ዜኖን እጇን ሊይዝ ሲሞክር እሷ ሦስት እርምጃ ትቀድማለች። ፖላንድኛ በሰማች ቁጥር ድልድዩ ላይ ከተደረደሩት የቅዱሳን ሐውልቶች ወደ አንዱ ዞራ ጽሑፉን የምታነብ ትመስላለች።

"ስንተኛው ቅዱስ ነው ይሄ?" አላት ዜኖን ከኋላዋ።

"ዝም በል፣ እነዚያ ከኦፖሌ ናቸው።"

"በምን አወቅሽ?"

"የሴትዮዋን ጃኬት ያጠበብኩት እኔ ነኝ።"

ዜኖን ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። እስከ ቀትር ድረስ ግንቡንም የታወቀውን የአደባባይ ሰዓትም አላየችም፤ ያየችው የሰው ፊት ብቻ ነው። በመጨረሻ ዜኖን አዝኖላት፣ "ነይ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትንሽ ቁጭ እንበል" ብሎ ያ የታወቀው፣ ትንሹ የሕፃኑ ኢየሱስ የተቀረጸ ምስል ያለበት ቦታ አስገባት።

እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቷን ረሳች። ምስሉ የሚለብሳቸው ካባዎች በመስታወት ሣጥን ተደርድረው ነበር። አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ተጠግታ፣ "ዜኖን፣ ጠርዙን እየው፣ ይሄ ሁሉ በእጅ ነው የተሰፋው፤ ማን ዓይኑን ጨረሰበት?" አለችና ክንዱን ያዘች። መነጽሯንም አውልቃለች።

"ኢየሱስ ክርስቶስ ይመስገን፣ ወይዘሮ ቦጉሚላ!"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። ስትዞር የሰበካችን ማኅበር በሙሉ፣ አርባ ሰው፣ ባንዲራውን ይዞ ቆሟል። ከፊት ያለችው ወይዘሮ ያድቪጋ ናት። ለዚህች ሴት መጥፎ ቃል አልናገርም፤ አንዱን ከጀመርኩ አላቆምምና። ቄሱ የዘንድሮው ጉዞ ወደ ፕራግ መሆኑን ሦስት እሑድ በተከታታይ አስታውቀው ነበር። ቦጉሚላ ግን በዜኖን ነገር እያፈረች እነዚያን ሦስት እሑዶች ቅዳሴ አልሄደችም። እንዲህ ነው እንግዲህ።

"ከእኛ ጋር አልመዘገብሽም ብለን አዝነን ነበር" አለች ያድቪጋ። ዓይኗ ግን የተያያዘው ክንድ ላይ ነው። "እኒህ ማን ናቸው?"

ቦጉሚላ ክንዱን ለቀቀች። "የ... የአጎቴ ልጅ" አለች።

"ውይ! የታዴውሽ ቀብር ላይ አላየኋቸውም።"

ዜኖን ጉሮሮውን ጠረገ። "ታምሜ ነበር" አለ።

"እግዚአብሔር ይማርዎት። ኑ፣ ኑ፣ አንድ ላይ ፎቶ እንነሣ! ዛሬ ማታ የሰበካው ገጽ ላይ አወጣዋለሁ፣ ቤት የቀሩትም ይዩን።" እምቢ ለማለት ጊዜ አልነበረም። ሁለቱን መሐል አስገብታ አነሣቻቸው። ካሊና ያንን ገጽ በየቀኑ ታያለች።

ከወጡ በኋላ ዜኖን ቀድሞ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ሄደ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቋሊማ ዳቦውን ከቦርሳው አወጣ፤ ሳይበላው መልሶ ጠቀለለው።

"ተቀይመሃል?" አለችው።

"በስልሳ አራት ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አስዋሸሽኝ። ለሞተው ባልሽ ቀብር ታምሜ ነበር ብዬ ዋሸሁ።" ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ከፍ ቢያደርግ ይሻላት ነበር። "ፎቶው ሳይነግራት አንቺ ንገሪያት። ካልሆነ ነገ በሌላ ፉርጎ ነው የምሄደው።"

ስልኳን አወጣች። ደወለችና ሳይነሣ ዘጋችው። እንደገና ደወለች። ካሊና አታነሣም። ሦስተኛም አራተኛም ሞከረች፤ ያው ነው። አሁን ደግሞ አለማንሣቷ ከማንሣቷ በላይ አስፈራት። አይታዋለች? አውቃ ነው የማታነሣው? ከሰዓቱን ሁሉ ስልኩን በእጇ ጨብጣ ዋለች። ፎቶው ወጣ። ያድቪጋ ከሥሩ፣ "ከእህታችን ቦጉሚላና ከዘመዷ ጋር" ብላ ጽፋለች፤ "ዘመዷ" ከሚለው አጠገብ የምትስቅ ፊት አድርጋለች። እኔም ኦፖሌ ቁጭ ብዬ አይቼው፣ ወይ ጉድ፣ አለቀላት አልኩ። መቶ ሰው ወዶታል፤ ካሊና ምንም አላለችም።

እሑድ ጠዋት በሆቴሉ ቁርስ ቤት ዜኖን ሻንጣውን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ቦጉሚላ ፊት ለፊቱ ሆና ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳር ግን አልጨመረችበትም። ስልኩ ጠራ። ካሊና ናት።

"እማዬ፣ ባልቲክ እንዴት ነው?"

ቦጉሚላ ሰኞ ዕለት ስትነግረኝ፣ "እዚያች ሰዓት ላይ 'ንፋስ አለ፣ ይበርዳል' ልላት አፌን ከፍቼ ነበር" አለችኝ። ቀና ስትል ግን ዜኖን እያያት አይደለም፤ የሻንጣውን እጀታ ነው የሚያየው።

"ባልቲክ አይደለሁም" አለች። "ፕራግ ነኝ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ዘመዴ አይደለም። ዜኖን ይባላል። ሁለት ዓመታችን ነው። እወደዋለሁ፣ ካሊናዬ።"

ዜኖን ቀና አለ። በዚያ በኩል ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ቦጉሚላ "ካሊና? አለሽ?" አለች።

"አጠገብሽ ነው?" አለች ካሊና በመጨረሻ።

"አለ።"

"ስልኩን ስጪው።"

ዜኖን ስልኩን በሁለት እጁ ተቀብሎ ከወንበሩ ተነሣ፤ አለቃ የጠራው ይመስል ቀጥ ብሎ ቆመ። "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ። ብዙ ሰማ። "አዎ።" እንደገና ሰማ። "አይ፣ አላውቅም ነበር።" ከዚያም፣ "በቀኝ በኩል? ገባኝ።" ቦጉሚላ ፊቱን ለማንበብ ብትሞክር ምንም አልተጻፈበትም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ዘጋችው?"

"ዘጋችው።"

"ምን አለችህ? ንገረኝ፣ አትደብቀኝ።"

"እስክጠራችሁ ቤቴ እንዳትመጡ አለችኝ።"

ቦጉሚላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሰዎች ዞረው አይዋቸው። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ "ሌላስ?" አለችው።

"'የግፊት ክኒኗ ቦርሳዋ ውስጥ በቀኝ በኩል ባለው ኪስ ነው። ካልጠየቋት አትውጥም። አባዬ ከሞተ ጀምሮ በየጠዋቱ እየደወልኩ የምጠይቃት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ይጠይቋት' አለችኝ።" ዜኖን ሻንጣውን በእግሩ ከጠረጴዛው ሥር ገፋ አደረገውና ቦርሳዋን ሳበ። "ታዲያ ዛሬ ውጠሻል?"

አልዋጠችም ነበር።