አቶ ይቆይ እና ሦስተኛው ፓምፕ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢወጣ ስንት ይሞላል? አንድ ጆግ? አንድ ሲኒ? ዩኒቨርሲቲ ሳለን በዚህ ተከራክረን ተኮራርፈን ነበር። መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በአንድ የሳሙና ፋብሪካ የስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ የአንድ ሰው የሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ በስልክ መስታወት ላይ ጥፍር የምታህል ነጥብ ሆኖ አየሁት።

ሰውየው የጥገና ሠራተኛ ነበር። ማሽን ሲታመም የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አስደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። «ኩሽኔታው አልቋል» ካለ አልቋል። ጠግኖ ካስነሳ በኋላም ሦስት ቀን እየተመላለሰ ሳያዳምጥ ሥራው ተፈጸመ አይልም። እስከዚያ ማሽኑ በግማሽ ኃይል ይሠራል። «ጨረስክ ወይ?» ሲሉት መልሱ «ይቆይ» ነው። አቶ ይቆይ ተብሎ ቀረ።

ከዚያ ሥራው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገባ። ብልሽቱ በስልክ ይመጣል፣ የጨረሰ «ተጠናቋል» የሚለውን ይነካል፣ የነካ ሰው ስሙ በአረንጓዴ፣ በቀኑ ያልነካ በቀይ ይወጣል። ትምህርትም እዚያው ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ቪዲዮ አይቶ ጥያቄ ይመልሳል። ጎረምሶቹ ቪዲዮውን ከፍተው ስልኩን ቱታቸው ኪስ ከተው ምሳቸውን ይበላሉ፤ መልሱን አንዱ ከአንዱ ይቀዳል። ፓምፑን ዞር ብለው ሳያዩት «ተጠናቋል» ይላሉ፤ ስማቸው እንደ ክረምት ሣር ለምልሞ ይውላል። እሱ ግን በሃምሳ ስድስት ዓመቱ መነጽሩን አጥልቆ እያንዳንዱን ትምህርት ሦስት ጊዜ አየ፤ በደብተር ገለበጠ። ስለ ሴንሰሩ፣ ስለ መቆጣጠሪያ ሰሌዳው፣ የስልኩ ዝርዝር ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ሳይቀር።

«አባዬ፣ ይሄኛውን እኮ ማንም አያየውም፤ ዝለለው» አለችው ልጁ።

«ማንም ካላየውማ እኔ ልየው እንጂ።»

በዚህ ዓይነት በሥራም በትምህርትም ጭራ ሆነ። በዕድሜ ልጁ የሚሆን የጥገና ተቆጣጣሪ፣ አንድ ቀን አንቱ ብሎት የማያውቅ፣ ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ እያበራ ይሳለቅበት ጀመር።

«አቶ ይቆይ፣ ዛሬስ? እንቁላል ነው እንዴ የታቀፍከው?»

«ሦስተኛው ፓምፕ ገና ያቃስታል፣ አለቃ።»

«ታዲያ እሽሩሩ በለዋ!»

ሠላሳ ሰው ሳቀ። ግማሹ ካቻቢቴ አያያዝ የተማረው ከእሱ ነው። ጥርስ እንጂ ይሉኝታ አልነበራቸውም።

በማግስቱ ሦስተኛው ፓምፕ በአቶ ይቆይ ስም «ተጠናቋል» ተብሎ ተገኘ። ዝርዝሩን ያመኑት ሙሉ ኃይል ለቀቁበት። ከሰዓት በኋላ ፓምፑ ነደደ፤ የፈላ ዘይት ወለሉን አጥለቀለቀው፤ አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሴት ሁለት እግሯ ተቃጠለ።

ኮሚቴ ተቀመጠ። የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነበርኩና ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ስምህ ይኸው» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ስልኩ ላይ ያለችውን አረንጓዴ ነጥብ እያሳየ። «ነክተሃል።»

«አልነካሁም።»

«ታዲያ መሣሪያው ዋሸ?»

«እሱስ አይዋሽም፣ ጌታዬ። አለቃም በሰው ስም መዝጋት ይችላል። ግን ማን እንደዘጋው፣ ከየትኛው ስልክ፣ በስንት ሰዓት፣ ከሥር ባለው ገጽ ተመዝግቦ ይቀመጣል። አሥራ ዘጠነኛው ትምህርት ላይ አለ። ይክፈቱትና ይዩት፤ የሁለት ደቂቃ ነገር ነው።»

«ደግሞ አስተማሪ ሆነብን!» አለ ተቆጣጣሪው። ይህን ጊዜ አልሳቀም፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኩን በፊቱ ደፋው። እኔ አየሁ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። የሠራተኛ አስተዳደሯ እስክሪብቶዋን አየች። ገጹን የከፈተ የለም፤ አሥራ ዘጠነኛውን ትምህርትም ከመካከላችን ያየው ሰው አልነበረም። የእኔም ስም አረንጓዴ ነበር፤ የእኔም ቪዲዮ ኪሴ ውስጥ ነው ያለፈው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ «በቸልተኝነቱ እንዲሰናበት ተወስኗል» ብዬ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ አቶ ይቆይ የኖረው ሦስት ዓመት ነው። የተቃጠለችው ሴት ሰፈርተኛው ነበረች፤ በምርኩዟ እያነከሰች ስታልፍ ፊቷን ታዞርበታለች። አንድ ጊዜ በሩ ላይ ምራቋን ተፋች። በየዓመቱ አንድ ደብዳቤ ይዞ ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ይመጣል፤ ሦስቱም ቃል በቃል አንድ ናቸው። እኔም ሦስቱንም «ደርሷል» የሚል ማኅተም መትቼ ፋይል ውስጥ አስቀመጥኳቸው። እንዲህ ይላሉ፦

«ሥራዬ ይመለስልኝ አልልም፤ ካሣም አልጠይቅም። ያችን ገጽ ከፍታችሁ፣ እኔን ሳይሆን፣ እግሯ የተቃጠለባትን እህቴን ጠርታችሁ አሳዩልኝ።»