አበሉ ለመጣ፣ ታወሩ ለኖረ

ዛሬ ደሃና ወረዳ፣ የሞባይል ታወሩ አጋማሽ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ጀማሪ መሐንዲስ ብረቱን አቅፎ ደረቀ። አይወጣም፣ አይወርድም። ደመናው ያጉረመርማል።

«ልጄ ውረድ! መብረቅ ይመታሃል!» ይላሉ ከታች ሽማግሌው ዘበኛ።

እኔ ወጥቼ ከራሴ የደህንነት ቀበቶ ጋር አሰርኩትና እግሩን በእጄ እያስረገጥኩ አወረድኩት። መሬት ስንረግጥ ሰማዩ ተሰነጠቀ።

ሙሉ የውሎ አበል የሚከፈለው ከሩቅ ለመጣ ነው። እኔ እዚሁ አቅራቢያ ሰቆጣ ተመድቤ ስለምኖር፣ የስምንት ዓመት ልምድ ይዤ እንኳ ከእሱ ያነሰ ይደርሰኛል። ብርዱ ግን አያዳላም።

ልጁ ቀበቶውን እየፈታ «ጋሼ፣ ሥራው አላለቀም። ነገ ማን ይወጣል?» አለኝ።

ዘበኛው ቀደሙኝ፦ «አበል የሚበላው ነዋ!»



ክፍለ ሀገር ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እናንተ ጋ የሚወጣው ማነው? የሚበላውስ?