ቅባት የነካው ፍሬን

ዛሬ ጎረቤቴ የሞተር ብስክሌቱን ፍሬን ፈትቶ ግራሶ ሲቀባ፣ ሽታው አባባን አስታወሰኝ።

በጃንሆይ ዘመን አባባ ነቀምቴ ውስጥ ድሬሰር፣ ማለትም የጤና ረዳት ነበር። አንድ የክረምት ጠዋት የሞተሩ ፍሬን ዝጎ አልለቅ ስላለው የኋላ ጎማውን አውልቆ ሲሠራ፣ አንድ ገበሬ ከዲጋ ገጠር እየሮጠ ደረሰ። ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት።

«ማሎ፣ እባክዎ ጌታዬ፣ ፍጠኑልኝ!» አለ እጁን እያፍተለተለ።

አባባ የፍሬኑን መዞሪያ ብረት ሲቀባ እጁ አዳለጠውና ግራሶው ጎማውን ጨብጦ የሚያቆመውን የፍሬን ሸራ ነካው። ፊቱ ተለወጠ። ቤንዚን አስመጣኝና ሸራውን ማጠብ ጀመረ።

«ጠብታዋ ትንሽ እኮ ናት! ሴትዮዋ ትሞትብናለች» አለች እማዬ።

«ቅባት የነካው ሸራ ቁልቁለት ላይ አይዝም። እኔ ገደል ከገባሁ ማን ይደርስላታል?» አለ ቀና ሳይል።

ገጣጥሞ ሲጨርስ ሰውየውን አፈናጦ ሄደ። እኔና እማዬ ድምፁ እስኪጠፋ በር ላይ ቆመን አዳመጥን።

አመሻሽ ላይ በጭቃ ተለውሶ ተመለሰ። ውሃ እያፈሰስኩለት እጁን ሲታጠብ እኔም እማዬም ስለ ሴትዮዋ መጠየቅ ፈራን።

አባባ ካረፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ሴትዮዋ በሰላም ተገላግላ እንደሆን እስከ ዛሬ አላውቅም።