አሰብ፣ ሥር፣ ነርቭ

የማዳሜን እናት ለጉልበታቸው ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ካስገባኋቸው በኋላ ተቀምጬ መጠበቅ አልችልበትም ነበር። ሚሽሪፍ ሰፈር ከምሠራበት ቤት ወጥቼ ብቻዬን የምሆነው ያችን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር እመላለስበታለሁ፣ በር ላይ የተጻፈውን ሁሉ አነባለሁ፣ ሊፍቱ ሲከፈት ማን እንደሚወጣ አያለሁ።

እንዲህ ስመላለስ ነው አንዲት ነርስ የያዘችኝ። «ሐበሺያ! ነይ እስቲ፤ የአገርሽ ልጅ አልፈርምም ብላ ሁሉን ነገር አስቁማለች።»

አሮጊቷ ሊወጡ ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸዋል። ተከተልኳት።

አልጋው ላይ ያለችው የወሎ ልጅ ናት። ቁርጡባ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ትሠራለች፤ መጋረጃ ልትሰቅል መሰላል ላይ ወጥታ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል። እግሯ ከማበጡ የተነሳ ቆዳው ያብረቀርቃል። አጠገቧ ሁለት የማደንዘዣ ሐኪሞች ቆመዋል፤ አንዱ ሽበታም ሰው፣ ሌላዋ ወጣት ሴት።

«አስም ስላለባት ሙሉ በሙሉ ልናስተኛት አንፈልግም» አለችኝ ወጣቷ ሐኪም። «እግሯን ብቻ እናደነዝዛለን። ግን አጥንቱ ቆዳውን ከውስጥ እየገፋው ነው። ዛሬ ካልተሠራ እግሯ ይጎዳል። ይህን ንገሪልኝ።» ከዚያ ስለ «ዐሰብ» አንድ ነገር ጨመረች።

የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው። ቃሉን እንደሰማሁት አቀበልኳት፤ «አሰቡን እንይዘዋለን ይላሉ።»

«አሰብ?» ከትራሷ ቀና አለች። «ወላሂ ጠርጥሬ ነበር! በመርከብ ሊመልሱኝ ነው?»

ሐኪሟ በጣቷ ከወገቧ እስከ እግሯ መስመር ስታሰምር ነገሩ ገባኝ። ያኔ በትርፍ ጊዜዬ ግጥም ስለምሞነጫጭር ቃል መምረጥ አውቃለሁ ብዬ እመካ ነበር። መረጥኩ። «ሥርሽን ነው የሚዘጉት» አልኳት።

«የደም ሥሬን? እግሬን ሊያደርቁት?»

«አይደለም፣ ነርቭሽን...»

«ነርቭ?» ዓይኗ ፈጠጠ። «አብዳለች ተባልኩ? ማዳም ናት እንዲህ ያለቻቸው! የእኔ ነርቭ ደህና ነው፤ የተሰበርኩት እግሬን ነው!» ወረቀቱን ገፋችው።

በዚህ መሀል ሐኪሞቹ የራሳቸውን ክርክር ይዘዋል። ሽማግሌው የሚያምኑት በኤሌክትሪኩ መርፌ ነው፤ መርፌው ነርቩ ጋ ሲጠጋ እግሩ በራሱ ይፈናጠራል፣ ያኔ ቦታው መሆኑን ያውቃሉ።

«የተሰበረ እግር ሲፈናጠር ምን ያህል እንደሚያም እሷን ይጠይቋት» አለች ወጣቷ። እሷ የምትፈልገው በአልትራሳውንድ እያየች መውጋት ነው፤ ለዚህ ሥራ ያኔ ገና አዲስ ነበር።

«አንቺ የምታዪው ጥላ ነው» አሉ። «እኔ ግን እግሩ መልስ ይሰጠኛል።» ይህንንም ለልጅቷ አቀበልኳት።

ስልኬ ጮኸ። የማዳሜ ሾፌር ነው። ዘጋሁበት። እግሬ አላርፍ አለኝ፤ በአንዱ ቆሜ በሌላው ወለሉን እመታለሁ። ቃል አልቆብኛል።

«በእኔ እግር አሳዪያት» አልኳት ሐኪሟን።

ከልጅቷ አጠገብ ባለው ባዶ አልጋ ላይ ሱሪዬን ወደ ላይ ሰብስቤ በሆዴ ተኛሁ። ከጉልበቴ ጀርባ ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡኝና ስክሪኑን ወደ እሷ አዞሩት። ሐኪሟ መሣሪያውን ስትጫነው አንድ ጥቁር ክብ ተጨፈለቀ፤ ስትለቀው መልሶ ተከፈተ።

«ደም» አለች። ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ አስተርጓሚ አላስፈለገም። ከእሱ ከፍ ብሎ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ነጭ ክብ አለ። እሱ ሲጫኑትም ቅርጹ አልጠፋም። ሐኪሟ በጣቷ ጠቆመችው። «ዐሰብ።»

«እና ደሙን አይነኩትም?» አለች ልጅቷ።

«አይነኩትም።»

«ታዲያ ይሄ ነጩ ሥራው ምንድን ነው?»

«እግርሽ ሲታመም ሮጦ ለራስሽ ይናገራል።»

ስክሪኑን አፍጥጣ አየችው። «እንደ እኛ ቤት ወጥ ሠሪ ነዋ! ሰሃን በተሰበረ ቁጥር ለማዳም የምትነግረው!»

«እሷው ናት።»

«ወሬ አቀባይ አትዪኝም ታዲያ? ምን አሰብ፣ ነርቭ እያልሽ ታስደነግጪኛለሽ!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አፏን የሚይዟት እስከ መቼ ነው?»

ጠየቅኩላት። «እስከ ነገ ጠዋት። ከዚያ ትናገራለች፣ እግርሽም ይንቀሳቀሳል።»

«እግሬን የማያስፈናጥረው የትኛው ነው?»

ወደ ስክሪኑ ጠቆምኩ። ወረቀቱን ተቀብላ ፈረመች።

እግሯን በትራስ ከፍ አደረጉት። መርፌው ከጉልበቷ ትንሽ ከፍ ብሎ በጭኗ የውጭ ጎን ገባ፤ ከጎን ስለገባ ስክሪኑ ላይ እንደ ነጭ ክር ከነርዝመቱ ይታያል። ነጩ ክብ አጠገብ ሲደርስ መድኃኒቱ ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ሠራ። እግሯ ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረው ሲያዩ ቆይተው «እሺ፣ ይሄስ ደህና ነው» አሉ።

ጠበቅን። ስልኬ ሦስት ጊዜ ጮኸ። በበረዶ ሲሞክሯት የእግሯ የውጭ ጎንና መዳፉ አልተሰማትም። ውስጠኛውን ጎን ሲነኳት ግን ጮኸች።

«ኧረ እዚህ ጋ ሌላ ወሬ አቀባይ አለች!»

ተረጎምኩ። ሽማግሌው ሳቁ። «ልክ ናት፤ ያ ጎን የሌላ ነርቭ ነው፣ በፊት በኩል የሚወርድ። ለእሱስ ስክሪን አያስፈልገኝም» ብለው ከጉልበቷ በታች በውስጥ በኩል በዳበሳ ቦታውን ፈልገው፣ ከቆዳው ሥር ራሳቸው ወጉላት። ጥቂት ቆይቶ ያም ጎን ደነዘዘ።

አሮጊቷ ከወጡ ቆይተዋል፤ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቢሆንም አልጋዋን እስከ ቀዶ ጥገናው በር አብሬ ሸኘሁ። ወደ ሌላ አልጋ ሊያሻግሯት አንዱ ሠራተኛ እግሯን ሲያነሳው አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው። የራሷ እግር በሰው እጅ ላይ ተንጠልጥሏል፣ እሷ ግን ምንም አይሰማትም።

«ቀስ!» አለችው በአማርኛ። «የሰው እግር ነው፣ እንዳትጥለው!»

ወጣቷ ሐኪም ወደ እኔ ዞረች። «ምን አለች?»

«እግሬን አደራ ነው የምትለው» አልኳት፤ በሩ ተዘጋ።