መሪው መቀየር አለበት

ለልጅህ ሚስት ስታስጠይቅ ራስህ አትሄድም። ሽማግሌ ትልካለህ፤ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ወሬ ትጠብቃለህ። ወጉን አላጣሁትም። ነገር ግን ከንፋስ መውጫ እስከ ወገዳ ሽማግሌ የምታደርስ መኪና ያለችኝ እኔ ነኝ፤ ያችን አሮጌ ፒክአፕ ደግሞ ከእኔ በቀር የሚችላት የለም። የሚችላት ቢገኝም አልሰጠውም።

ስለዚህ ተመከረብኝ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ከቤተ ልሔም የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ የኔታ ነው የምንላቸው። ሁለተኛው የሚስቴ ወንድም ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ። ፍርዱን የሰጡት የኔታ ናቸው።

«ሹፌር ሆነህ ትሄዳለህ። አባት ነኝ አትልም። ከመኪናው አትወርድም። ያ አፍህ እንዳይከፈት።»

«ሰላም ቢሉኝስ?»

«በራስህ ትነቀንቃለህ።»

አልፈርድባቸውም። ባለፈው ሌላ ቤት ስናስጠይቅ የልጅቱ አባት ገበያ አግኝቶኝ በቅሎውን ሲያወድስብኝ፣ በቅሎዋ አንካሳ መሆኗን ነገርሁት። ነገሩ ፈረሰ። በቅሎዋ ግን አንካሳ ነበረች። ልጄ ከዚያ ወዲህ ሳያናግረኝ ከረመ። የአሁኗን ራሱ ነው የመረጣት፤ «ይቺም ባንተ አፍ ከቀረች ሁለተኛ አባቴ አልልህም» ብሎኛል። የሚለውን የሚያደርግ ልጅ ነው። ማንን ወጥቶ እንደሆነ እንጃ።

ከተማውን ለቀን ቁልቁለቱን ስንጀምር መሪው ከበደኝ። ቀጥ ባለው መንገድ ደህና ነው፤ ኩርባ ላይ ሲደርስ ግን ቀንበር እንዳላየ ወይፈን ይታገለኛል። ስጠመዝዘው ከሞተሩ በኩል የሆነ ነገር ያቃስታል።

የኔታ ጆሯቸውን ዘንበል አደረጉ። «ቅድም ዜማዋ ግዕዝ ነበር» አሉ። «አሁን ወደ አራራይ ገብቷል።»

«ምን ማለት ነው፣ የኔታ?»

«አራራይ አንጀት የሚበላ ዜማ ነው። ይቺ መኪና መሞቷ ነው።»

አቁሜ ኮፋኖውን ከፈትሁ። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ለመንጃ ፈቃድ ብዬ ነው፤ አማርኛ ከሆነ ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ። የመሪው ዘይት ማጠራቀሚያ ክዳን ላይ ያለው ግን የፈረንጅ ነበር። አስተማሪው መነጽሩን አድርጎ አነበበው።

«የመሪ ኃይል ይላል።»

«ኃይሉ የታለ?»

«እሱን አይልም።»

ክዳኑን ከፍቼ ጣቴን ብሰድ ደረቅ ነው። አንድ የማውቀው መካኒክ አለ፤ ንፋስ መውጫ። ለእሱ ለመደወል ኔትወርክ ፍለጋ ከመንገዱ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ፤ የኔታም ተከተሉኝ። አስተማሪው የምንለውን እንዲሠራ መኪናው ዘንድ ቀረ። ጉብታው ላይ ደግሞ ዛፍ ሥር የቀበሌ ስብሰባ ተቀምጦ ኖሯል፤ ስለ እርከን ሥራ። ሌላ ቦታ ኔትወርክ የለም። ጠጋ ብዬ ቆምሁና ደወልሁ።

ከመካኒኩ አጠገብ ብረት ይቀጠቅጣሉ። አይሰማም። ስለዚህ ጮኽሁ።

«መሪው አልታዘዝ ብሎኛል።»

«ድምፅ አለው?» አለ። «ይጮሃል ወይስ ያቃስታል?»

ለየኔታ ስልኩን ሰጠኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ መኪናዋ ኩርባ ላይ ያወጣችውን ድምፅ ከነመውረዱ ከነመመለሱ አዜሙለት። ከተሰብሳቢዎቹ ሁለት ሴቶች ተነሥተው አማተቡ።

«ይህ ዘይት ያጣ ፖምፓ ነው» አለ መካኒኩ። «ፖምፓውን የሚያዞረው ቺንጊያ ላልቶ ቢሆን ሲጢጥ ነበር የሚለው። ቱቦዎቹን እዩ፤ የሚያፈስ አለ።»

ወደ ታች ጮኽሁ። አስተማሪው ቱቦዎቹን ዳሰሰና በቀይ ዘይት የተነከረ እጁን ወደ ላይ አነሣ። መካኒኩ የሚለውን እየሰማሁ እንደገና ጮኽሁለት፦

«ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን አልቆለታል ይላል።»

«ማን?» አለ አስተማሪው።

«መሪው ነዋ። በመሙላት አይድንም። መቀየር አለበት ይላል። እስከዚያው በክንዳችን ነው የምንገፋው።»

የስብሰባው ሰብሳቢ ንግግሩን አቋረጠ። ገበሬዎቹ አቀርቅረው መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ብቻ፣ ጥርስ የሌላቸው፣ በለሆሳስ «እሰይ» አሉ።

ጠመንጃ የያዘ ሚሊሻ ተነሥቶ መጣ።

«ማነው የሚቀየረው?»

«መሪው።»

«የትኛው መሪ?»

«የእኔው።»

«ያንተ መሪ ማነው?»

«የመኪናዬ መሪ ነው፣ ወንድሜ። ሌላው መሪማ ቢከብድስ ማን ኮፋኖውን ከፍቶ ያየዋል?»

የኔታ ክርኔን ቆነጠጡኝ። ሚሊሻው አላመነኝም፤ አብሮን ወረደ። ጠመንጃውን በጀርባው አዙሮ ገባና መሪውን ጠመዘዘ። ቆሞ ያለ መኪና፣ ዘይት የሌለው። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«እውነትም ከብዷል» አለ ሲወርድ። «የት ትሄዳላችሁ?»

አስተማሪው የምንሄድበትን ቤት ነገረው። ሚሊሻው ፈገግ አለና ወደ ስብሰባው ተመለሰ። ፈገግታው አላማረኝም።

መካኒኩ እንዳዘዘው ፖምፓው ደርቆ እንዳይጣበቅ ቺንጊያውን አወለቅሁት። ከዚያ በኋላ መንዳት አይባልም፣ እርሻ ነው። አስተማሪው መስኮቱን ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። የኔታ በመካከል ስለተቀመጡ ኩርባ ሲመጣ ከእሳቸው ሌላ የሚያግዘኝ አልነበረም።

«መሪጌታ ነዎት አይደል? ይምሩ እንግዲህ» አልኋቸው።

«ስሙ የተሰጠኝ ለዜማ ነው እንጂ ለጎማ አይደለም» አሉ፤ ግን በእጄ ቅባት የጠቆረውን መሪ ያዙ። በቀኙ ኩርባ እኔ ስስብ እሳቸው እየገፉ፣ በግራው እሳቸው ሲስቡ እኔ እየገፋሁ ወገዳ ደረስን። ነጭ ለብሰው የተነሡ ሽማግሌ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጠቁሮ ነው የሰው ደጅ የገቡት።

እነሱ ገቡ። እኔ መኪናው ውስጥ ቀረሁ፤ አፌን ገጥሜ።

ብዙም ሳይቆይ የልጅቱ አባት ብቻውን ወጣና መስኮቱ ላይ ተደገፈ። ዕድሜው እንደኔ ነው።

«ሹፌር፣ እንዴት ዋልህ።»

በራሴ ነቀነቅሁ።

«መሪ ሊያወርድ የተነሣ ሰው ወደ ቤትህ እየመጣ ነው ብሎ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። ሚሊሻው።»

ነቀነቅሁ። የልጄ ዛቻ ግን ትዝ አለኝ።

«የልጁን አባት ታውቀዋለህ?»

ነቀነቅሁ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ይህ በመነቅነቅ አይመለስም። የኔታ ቤት ውስጥ ናቸው፤ የሚቆነጥጠኝ የለም።

«አፉ ክፉ ነው» አልሁ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ነገር የለውም። ያለው አፉ ብቻ ነው።»

«ይዋሻል?»

«መዋሸት ቢችል ልጁን እስካሁን በዳረ ነበር።»

«ልጁስ እንደሱ ነው?»

«ልጁ እናቱን ነው የወጣው፤ እግዜር ይመስገን።»

እጄን አየ። መሪው መዳፌን ልጦታል። «የሰው በቅሎ አንካሳ ናት ብሎ የሰደበ አንድ የንፋስ መውጫ ሰው ነበር» አለ። «እሱ ይሆን?»

«አንካሳ ናት እኮ» አልሁ። ካልሁ በኋላ ነው ማን ሆኜ እንደተናገርሁ የገባኝ።

«አውቃለሁ» አለ። «ባለቤቷ ለኔም ሊሸጣት አምጥቷት ነበር።»

ተመልሶ ገባ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፊታቸውን ማንበብ ከፈረንጅ ፊደል ባሰብኝ።

«እ?» አልሁ።

«ዘመድ እናማክር፣ ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ ተባልን» አሉ የኔታ።

ይህ እምቢታ አይደለም። እምቢ የሚል ሰው ቀጠሮ አይሰጥም።

«ደግሞ አንድ ነገር አዘዙ» አለ አስተማሪው። «ስትመለሱ መሪውን ቀይሩት፤ ሹፌሩን ግን እንዳትቀይሩት አሉ።»

መንገድ ሳንጀምር ልጄ ደወለ። ዋሽቼው አላውቅም፤ ያን ጊዜ ደግሞ እውነቱን መናገር አማረኝ። የኔታ ስልኩን ከእጄ ነጠቁት።

«አባቴ ተናገረ?» ሲል ይሰማኛል።

«ስለ በቅሎ ነው የተጫወቱት» አሉ የኔታ። ዘጉና ጥቁር እጃቸውን መሪው ላይ አሳረፉ። «በል አስነሣ። ዳገቱ ሳይጨልም።»