የታመመችው ወዳጅ

ቤተሰቡ «ወንፊት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው። የሚኒባስ ሾፌር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ለተሳፋሪው ቅጽል ሲያወጣ ይውላል፤ አብዛኛው ማታ ከመኪናው አቧራ ጋር ይታጠባል፣ የእሷ ግን ተጣብቆ ቀረ። እውነትም ወሬ ሁሉ ወደዚያ ቤት የሚገባው በእሷ በኩል ነው። ደቃቁን ታሳልፋለች፣ ሸካራውን ታስቀራለች። አጎታቸው የሞተ ጊዜ ለእናቷ «ትንሽ አሞታል» ብላ ጀመረች፤ ቆየት ብላ «ጠንቶበታል» አለች፤ እንዲያ እያለች መርዶውን እንደ መራራ መድኃኒት በማንኪያ አዋጠቻት። ወንድሟ ከሥራ መባረሩንም እናቱ የሰማችው ሌላ መኪና ይዞ መጥቶ ደጅ ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ነው።

የምትተዳደረው መጋረጃ ሰፍታ ነው። የገበያው ጥግ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ በአንድ በኩል የስፌት መኪናዋ፣ በሌላው በኩል እስከ ጣሪያ የተቆለለ ጨርቅ አለ። የሰው ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው መስኮቱን ነው። ጫፉ በእጅ መርፌ የተለቀመ መጋረጃ፣ ገበሩ ያልተሸበሸበ መጋረጃ ካየች፣ «እዚህ ቤት ሰው ለሰው ያስባል» ትላለች። ይህን እምነቷን ማንም ፈትኖባት አያውቅም ነበር።

እናቷ ደግሞ በጉብዝናዋ ጊዜ የቴሌፎን ኦፕሬተር ነበረች። ገመድ እየነቀለች ገመድ እየሰካች ሰውን ከሰው ስታገናኝ ነው ያረጀችው። የስንቱ ሠርግና የስንቱ ሞት በጆሮዋ አልፏል፤ በአፏ ግን አንድም አልወጣም። ጡረታ ከወጣች ወዲህ በልጇ የስፌት ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ማንጎራጎር ሆነ ሥራዋ። ያን ሰሞን ደጋግማ የምትላት አንዲት ስንኝ ነበረቻት፦

ጆሮዬን ብደፍን ወሬው እንዳይገባ፣
ልቤ ቀድሞ ሰምቶ አገኘሁት ሲያነባ።

ልጅቷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ትሰማለች። ዜማው ደስ ይላታል፤ ቃሉን ግን ልብ አላለችውም።

እናቷን ወገቧን ማመም የጀመራት ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው። ሆስፒታል ተመላለሱ፣ ምርመራ ተደረገ። ውጤቱ በሚጠበቅበት ሳምንት እናቷ አንድ ቀን ጠዋት ጥሩውን ካፖርቷን ለበሰች፣ ብርቱካን በከረጢት ያዘች፣ «የታመመች ወዳጄን ልጠይቅ» አለች። ልሸኝሽ ብትባል እምቢ አለች። ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ደክሟታል፣ ፊቷ ግን እንደታጠበ ብርጭቆ ጠርቷል።

«እንዴት አገኘሻት?» አለቻት ልጅቷ።

«ደህና ትሆናለች። ትራሱ ጠጠር ነው እንጂ ሰዎቹስ ሰዎች ናቸው» አለችና ካፖርቷን ሰቀለች። ብርቱካኗን አልመለሰችም።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ ልጅቷን ለብቻዋ ኮሪደር ላይ አቆማት። ሕመሙ አጥንት ውስጥ ገብቷል፤ ከእንግዲህ ማዳን አይቻልም፤ የሚቻለው ሥቃዩን ማስታገስ ነው፤ ለዚህ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ እስከ መጨረሻው የሚንከባከቡ ማስታመሚያ ቤቶች አሉና አንዱን ምረጪ አላት። ክው አለች። የኮሪደሩ ግድግዳ ወደ እሷ የተጠጋ መሰላት። ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እባክዎ እናቴ እንዳትሰማ፣ ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች። ሐኪሙ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ፣ ጫማውን ሲያይ ቆየና ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ሆነ፤ ምስጢሯን የሚጠብቅላት ቤት። እናቷ ሳታውቅ፣ ሳትፈራ፣ እንደ ሕፃን እንቅልፍ ሳይታወቃት እንድትሄድ።

መጀመሪያ የሄደችው አረንጓዴ በር ወዳለው አሮጌ ቤት ነበር። ከመግባቷ ዓይኗ መስኮቱ ላይ አረፈ፤ የግራው መጋረጃ ከቀኙ አይገጥምም፣ አንዱ ጫፉ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከወዲያኛው ክፍል አንድ ሽማግሌ በካርታ ጨዋታ ያጭበረበረውን ሰው ይሰድባል፣ ሌላው ይስቃል። ሞት አፋፍ ላይ እንዲህ ይሳቃል ወይ ብላ ተቀየመች። ኃላፊዋ፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት ጠና ያለች ነርስ፣ አንሶላ እያጠፈች ተቀበለቻት። ልጅቷ የእናቷን ሕመም ነገረቻት፤ ኦፕሬተር እንደነበረች፣ ማንጎራጎር እንደምትወድ ነገረቻት። የሲስተር እጅ አንሶላው ላይ ቀጥ አለ። ከዚያ ልጅቷ ዋናውን ነገር አነሳች፤ እናቴ እንዳትሰማ፣ ለወገብሽ ነው የመጣሽው በሏት አለች።

ሲስተር አንሶላውን አጥፋ ካስቀመጠች በኋላ፣ «እዚህ ቤት ያልጠየቀንን አንነግረውም፤ የጠየቀንን ግን አንዋሸውም» አለቻት። «ልጄ፣ አንቺስ እናትሽ ምን እንደሚያውቁ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?»

ተናዳ ወጣች። መንገዱን ሙሉ የዚያችን ሴት ልብ ድንጋይነት ለራሷ ስትናገር ሄደች።

ሁለተኛው ቤት ጽጌረዳ በጽጌረዳ ነበር። ወለሉ ፊት ያሳያል፣ ድምፅ የሚባል የለም። መጋረጃው ድርብ ነው፤ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው፣ በእጅ የተለቀመ። ልቧ እዚያው ረጋ። ሥራ አስኪያጁ፣ ክራባቱ እንኳ የማይተነፍስ ሰው፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ ገባው። እናትዎ እዚህ የመጡት ለወገባቸው ነው፤ ከዘበኛው ጀምሮ እስከ አብሳይዋ ሁላችንም የምናውቀው ይህንኑ ብቻ ነው፤ እርስዎም አይጨነቁ፣ በየቀኑ በምሳ ሰዓት እየደወልኩ እነግርዎታለሁ አላት። እጁን ይዛ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

እናቷን ያስገባቻት ቀን፣ አሮጊቷ ቀና ብላ መስኮቱን አየችና «መጋረጃው ያምራል» አለች። ቀጥላም «አንቺ ነሽ የመረጥሽው?» ብላ ጠየቀች። አዎ ስትላት የልጇን ጉንጭ ዳበስ አድርጋ፣ «እንግዲያው ጥሩ ነው» አለች። አረንጓዴውን በር ሁለቱም አላነሱትም።

ሰውየውም ቃሉን ጠበቀ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ይደውላል፤ በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ ተኝተዋል ይላል። እሑድ እሑድ ስትጠይቃት እናቷን ታጥባ ተበጥራ ታገኛታለች፤ ሲበዛ እንቅልፍ ያዳፋታል፣ ማንጎራጎሩም ቀርቷል። አርፋለች ማለት ነው አለች ልጅቷ። ወንድሟ ብቻ «እማዬን ዝም ብላ የማውቃት ሰው ስልክ ሲያወራ ነው» አለ፤ እሷም ቀልዱን ብቻ ሰማች።

አንድ ቀን መጋረጃ ልትሰቅልለት የቀጠረችው ደንበኛ ቀረባት። መሰላሏን ማስታመሚያ ቤቱ ዘበኛ ጋ አስቀምጣ፣ ሳታስበው ወደ እናቷ ወጣች። የጉብኝት ቀን ስላልነበር ደረጃው ላይ ማንም አልገጠማትም። በሩን ስትገፋው እናቷ በጎኗ ተጣጥፋ አየቻት። ከንፈሯ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰነጣጥቋል። ውሃው አለ፤ ግን ማዶ ጠረጴዛ ላይ፣ ከእጇ እጅግ ርቆ። የመጥሪያ ደወሉ ገመድ ተጠቅልሎ ከራስጌዋ ከፍ ያለ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። አንሶላው ርሷል። እናቷ ዓይኗን ገልጣ ስታያት፣ ደስ ከማለት ይልቅ ደነገጠች፤ የተያዘ ሌባ ይመስል አንሶላውን ልትሸፍን እጇን አንቀሳቀሰች።

ይኼኔ ስልኳ ጮኸ። በልማድ አነሳችው።

«ደህና ዋሉ እመቤቴ» አለ ያ ለስላሳ ድምፅ። «አሁን እናትዎ አጠገብ ቆሜያለሁ። ሾርባቸውን ጨርሰው ጠጥተዋል። ፈገግ እያሉ ነው፤ ሰላም በሉልኝ ብለዋል።»

ክፍሉን ዞራ አየች፤ ከበሩ ኋላም አየች፤ ዓይኗን አላመነችውም። ሰው የለም። እሷና እናቷ፣ ያ የሚያምር መጋረጃም። ስልኩ «እመቤቴ?» አለ፤ ዘጋችው። የሰውየው ድምፅ ጎላ ያለ ስለነበር እናቷም ሰምታለች።

«ከታች ነው የሚደውለው» አለች እናቷ በደረቀ ምላሷ። «ቢሮው ባዶ ነው መሰለኝ፣ ግድግዳው ድምፁን ይመልሳል።»

ልጅቷ ውሃውን አምጥታ ከንፈሯን አራሰችላት። ግማሹ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። ለእናቴ ዋሽልኝ ብላ የለመነችው ሰው ለእሷም ሲዋሽ መክረሙ፣ ውሸቱንም ራሷ አስተምራ የሰጠችው መሆኑ ቀስ እያለ ገባት። ለምን አልነገርሽኝም እማዬ አለቻት።

«የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ደስ ብሎሽ ነበር።» ትንፋሽ ወሰደች። «አሁን ወደ አረንጓዴው በር ውሰጂኝ።»

ልጅቷ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀረች። ያን ቤት ማየቷን ለማንም አልነገረችም፣ ለወንድሟ እንኳ። «የትኛው አረንጓዴ በር?»

«ያቺ የታመመች ወዳጄ የምትተኛበት።»

«እማዬ፣ ወዳጅሽ ማን ነበረች?»

አሮጊቷ የልጇን ፊት ብዙ አየችው። «እኔ ነኛ ልጄ» አለች።

ልቧ ስንጥቅ አለ። ከሐኪሙ ኮሪደር ይልቅ ይኼኛው ባሰባት፤ ያን ጊዜ የወደቀባት ሕመሙ ነበር፣ አሁን ግን ግንብ ብላ የገነባችው ሁሉ ተናደ። እናቷ ሐኪሙን ቀድማ ጠይቃዋለች። እሱም ነግሯታል። በጥሩ ካፖርቷ፣ በከረጢት ብርቱካን ይዛ የሄደችው የራሷን አልጋ ልትመርጥ ነበር። ያቺ የመስኮት ሥር ስንኝም ዝም ብላ ስንኝ አልነበረችም። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ መኪና ስትረግጥ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንፊቶች ኖረዋል፤ አንዷ ለሌላዋ ስትነፋ።

ለወንድሟ ደወለች፤ ተሳፋሪውን መንገድ ላይ አራግፎ መጣ። ነገሩን በአጭሩ ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ደግሞም ከእሷ አፍ ያልተነፋ ወሬ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። እናቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ሲወርድ ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ሥር ገጠማቸው፣ አንዳንድ ነገር ሊያስረዳ ጀመረ።

«ፈገግ እያሉ ነው አላልክም?» አለው ወንድሟ ሳይቆም። «ፈገግታቸውን እዚያው ፈልገው፤ እኛ እሳቸውን ወስደናል።»

አረንጓዴው በር ሲከፈት ሲስተር አንዴ አየቻቸው። ለልጅቷ ምንም አላለችም። ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ፣ «ዘገዩብን። አልጋዎ በመስኮቱ በኩል ነው፤ ትራሱንም ቀይሬዋለሁ» አለቻት። ታጠበች፣ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒት ተሰጣት፣ ደረቅ አንሶላ ላይ አረፈች። የካርታው ሽማግሌ ከበሩ ብቅ ብሎ፣ «የብርቱካኗ ሴትዮ መጣች» ብሎ ተመለሰ።

ልጅቷ ሲስተርን ኮሪደር ላይ አቆመቻት። እያወቅሽ እንዴት ዝም ትይኛለሽ ብላ ወቀሰቻት።

«እናትሽ ቀድመው አደራ አሉኝ» አለች ሲስተር። «ልጄ አትችለውም፣ እንዳትነግሪያት አሉ። ኋላ አንቺ መጣሽና እናቴ አትችለውም አልሽኝ። ምን ልበል? አንሶላዬን አጠፍኩ። ጠይቂያቸው ማለትን ግን ብያለሁ።»

ከዚያ እናቷ ብርቱካን ይዛ የመጣች ቀን የሆነውን ነገረቻት። አሮጊቷ ካፖርቷን እንደለበሰች ባዶው አልጋ ላይ ተጋድማ ደወሉን ተጫነች። አንዷ ነርስ ሮጣ መጥታ ምን ልታዘዝ ስትላት፣ ምንም፣ ትመጪ እንደሆን ልይ ብዬ ነው አለች። ሻይ ጠጥታ መልሳ ደወለች፤ አሁንስ ስትባል፣ ለሁለተኛም ትመጪ እንደሆን ብዬ ነው አለች። ከዚያ በኋላ ነው ብርቱካኗን ለሕመምተኞቹ አድላ የሄደችው።

ልጅቷ የመጋረጃ ጫፍ የዳሰሰችባቸውን ጣቶቿን አየቻቸው። ደወል መኖሩን እንኳ በሁለቱም ቤት አላየችም ነበር።

ተመልሳ ስትገባ ወንድሟ በግርጌ በኩል ቆሞ ዓይኑን ይጠራርጋል፤ ያንን በመርፌ ቁልፍ የተያዘ መጋረጃ እያሳየ «ወንፊት፣ ሥራ አገኘሽ» አላት። አልሳቀችም፣ አላዘነችበትም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋች። ስንት ቀን ስትሸሸው የኖረችውን ጥያቄ ልትጠይቅ ነው። እናቷ ትጠብቃለች፤ መስመር እስኪያገናኙላት የምትጠብቅ ሴት ይመስል።

«እማዬ፣» አለች፣ «ያምሻል?»

«አዎ» አለች እናቷ። «እጅግ ያመኛል። እፈራለሁም።»

ሁለቱም በቃሉ ደነገጡ፤ እዚያ ቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ሳይነፋ ወጥቶ አያውቅም። ልጅቷ የእናቷን እጅ በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው ደወሉን ተጫነችው። ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ተሰማ፤ እየሮጠ ይመጣል።